ሦስት መቶ ሺህ የተጠራበት የውጫሌ ኮምፒውተር

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ቁርሴን ለብቻዬ እየበላሁ ስልኬን ብከፍት የሳንቲም ሰብሳቢዎች ቡድናችን ተንጫጭቷል።

ለማታውቁት፣ ቡድኑ ጠገራ ብርና የድሮ ሳንቲም የምንሰበስብ ሰዎች በቴሌግራም የምንገናኝበት ነው። ጡረታ ከወጣሁና ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ «እንደምን አደሩ ቲቸር» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። የእኔ ድርሻ ዋጋ ማረም ነው። አንዱ ከመጠን በላይ ሲጠራ ልኩን ከነምክንያቱ እጽፋለሁ። ሌላው ጠገራውን በሎሚ ፈትጎ ሲያመጣ እቆጣለሁ፤ የታጠበ ሳንቲም ዋጋው ይወድቃል።

የዚያን ቀን የተለጠፈው ግን ሳንቲም አልነበረም። ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ አካል የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ፕሮግራሙን ከካሴት የሚያነብ የድሮ የቤት ኮምፒውተር ነው። አጠገቡ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ካሴት አለ። ሻጩ ሰይድ የሚባል የውጫሌ ባለሱቅ። ዋጋው ሦስት መቶ ሺህ ብር።

«ጥንድ በሬ ከነሞፈሩ ይመርቁበታል?» አለ አንዱ።

«ካሴቱ ውስጥ ወርቅ ቀልጦበት ይሆናል!» አለ ሌላው።

እኔም እንደ ልማዴ ጻፍኩ። ትምህርት ቤታችን በአንድ ወቅት እንዲህ ያለውን በስጦታ አግኝቶ ስለነበር አውቀዋለሁ። ከሃያ ሺህ እንደማያልፍ በአምስት ነጥብ አስረዳሁ። ሰይድ አልተከራከረኝም። በግል አንዲት መስመር ብቻ ላከልኝ።

«መምህር፣ ካሴት ማጽዳት ይችላሉ?»

ጥያቄው አላስቀምጥ አለኝ። ደግሞም... የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ትእዛዞች የጻፍኩበትን የድሮ ደብተሬን ያዝኩና ከምኖርበት ከሐይቅ ከተማ የውጫሌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሰይድ የእኔ እኩያ ነው። «ማሻአላህ፣ እውነትም መጡ!» ብሎ ስኳር ጆንያ ላይ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጠኝ። ኮምፒውተሩን ከተጠቀለለበት ሽርጥ ቀስ ብሎ ፈታው።

«የታናሽ ወንድሜ የሁሴን ነው» አለኝ። «ጅዳ ነበር። እዚያው ታሞ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ጓደኛው ዕቃውን ሲያመጣልን ይኼና ካሴቱ ነበሩበት።»

በዚያ ዘመን ከዐረብ አገር ደብዳቤ የሚመጣው በካሴት ነበር። ልጁ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፤ ቤተሰቡ ቴፑን ከቦ ይሰማል፣ ያለቅሳል።

«በፊት የላካቸውስ ካሴቶች?» አልኩት።

«ዘፈን ቀዳንባቸው።» አቀረቀረ። «ይመጣል ብለን እኮ ነው፣ መምህር። እሱ ራሱ ሊመጣ ድምፁን ማን ያስቀምጣል? አምባሰል ቀዳንበት።»

የቀረው ይኸው አንድ ካሴት ነው። በቴፑ ከፈተልኝ። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ብቻ... ሰይድ ወደ ድምፁ ጠጋ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እዚህ ጋ... ከጩኸቱ ሥር የሚተነፍስ ሰው አይሰማዎትም?»

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ካሴቱ አልተበላሸም። ጩኸቱ ራሱ ፕሮግራሙ ነው። የሰው ድምፅ ኖሮበት አያውቅም። ዋጋውንም የሰቀለው እንዲሸጥለት ሳይሆን፣ በዋጋው ተገርሞም ቢሆን የሚያውቅ ሰው እንዲመጣለት ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ስሕተት አይቼ አላልፍም። ያን ጊዜ ግን ባልፈው ወደድኩ።

«ሰይድ፣ ይህ ለሰው ጆሮ የተቀዳ አይደለም» አልኩት በመጨረሻ። «ለማሽኑ ነው። የሁሴን ድምፅ የለበትም።»

«ስንት ዓመት ሙሉ...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። ደንበኛ መጥቶ ጨው ጠየቀ፤ የለም አለው። ጨው ከፊቱ ተቆልሏል። ቆይቶ ቆይቶ «እንግዲያው ማሽኑ ይስማው» አለ።

ከጓዳ አሮጌ ቴሌቪዥን አወጣ፤ እሱንና ቴፑን ከኮምፒውተሩ ጋር ገጠምን። ትእዛዙን ከደብተሬ እያየሁ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው፣ ከረጅም ጩኸት በኋላ፣ ጥቁሩ የቴሌቪዥን መስኮት ላይ ሁለት ነጭ ዘንጎችና አንዲት ኳስ ብቅ አሉ። ጨዋታ ነው።

«ብቻዬን እንዴት ነው የምጫወተው?» አለኝ።

ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። «ብቻህን አይሆንም። ለሁለት ሰው የተሠራ ነው።»

ኳሷ ማንም ያልያዘውን ዘንግ እያለፈች ትወጣለች፤ ተመልሳ ትመጣለች... ሰይድ በዓይኑ ተከተላት።

«ሊገጥመኝ ነበራ!» ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። ከጎኔ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። «የሱን ቦታ ያዙልኝ፣ መምህር።»

ያዝኩለት። እሱ በግራ ቁልፎች፣ እኔ በቀኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን። በሦስተኛው ዙር ላይ ጉልበቴን እየመታ «ኧረ ሌባ! አንተ ሰውዬ ታጭበረብራለህ፣ ወላሂ!» ይለኝ ጀመር። አንተ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስነሣ በሩ ላይ ያዘኝ።

«በል እንግዲህ መምህር፣ እንዳልከው ዋጋውን ሃያ ሺህ ላድርገው?»

በሃያ ሺህ ከተጠራ ነገ ሳይነጋ ተሽጦ ይሄዳል።

«ተወው፤ በሦስት መቶ ሺው ላይ አንድ ዜሮ ጨምርበት» አልኩት።

ቡድኑ እስካሁን ይስቃል። «ሦስት ሚሊዮን! ቲቸር፣ ይኼንስ አያርሙም?» ይሉኛል።

አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ እያወቅሁ የተሳሳተ ቁጥር ሳስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።