የእንጦጦ ጀርባ ጎታዎች

የኮሌጅ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ያም ሆኖ በደርግ ጊዜ የካ ውስጥ ቧንቧ ሲፈነዳ ከመሐንዲሱ በፊት የምጠራው እኔ ነበርኩ። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ። ስለዚህ ከእንጦጦ ጀርባ ያሉ መንደሮች ድርቅ ሲመታቸው፣ የውሃና የምግብ ችግራቸውን የሚያጠናው ባለሙያ እኔን ይዞ መውጣቱ አላስገረመኝም። እሱ ገና ከትምህርት የወጣ ወጣት ነበር።

መጀመሪያ ወደ ምንጩ ሄድን። ሰዓቴን ይዤ አንዲት እንስራ እስክትሞላ ቁጭ አልኩ። ወረፋ ከያዙት ሴቶች አንዷ በኦሮምኛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንስራዬን እንዲህ አፍጥጠህ የምታያት ልታገባት ነው?» አለችኝ።

«ጥሎሽ ከቀነስሽልኝ» አልኳት። ተሳሳቁ። እንስራዋ ሳትሞላ ባለሙያው ሁለት ሲጋራ ጨረሰ።

ከዚያ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ገባን። ባለሙያው የእህሉን ጎታ ከላይ አየና ብዕሩን አወጣ። «ገብስ አላቸው። ይህ መንደር እርዳታ አያስፈልገውም።»

እኔ ግን ዱላዬን ሰደድኩበት። ያለ ምንም ችግር እስከ ታች ወረደ። ገብሱ ከላይ ስስ ሆኖ የተነሰነሰ ነው፤ ሥሩ ገለባ ነው።

ሴትዮዋ ክንዴን ያዘች። «ወንድሜ፣ በሞቴ! እሑድ ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ቤታችን ባዶ መሆኑን ከሰሙ ይቀራሉ።»

«ጋሼ፣ ቅጹ የየቤቱን ስም ይጠይቃል» አለ ባለሙያው። «የገበሬ ማኅበሩም ስብሰባ ላይ ያነበዋል። ካልጻፍኩ ደግሞ እህል አይመጣም።»

«እንግዲያው ሌሎቹንም ቤቶች እንይ» አልኩት።

አየን። በገባንበት ቤት ሁሉ ገለባ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተደባብቆ ኖሯል።

«ሁሉም አንድ ከሆነ ስም ምን ያደርግልሃል? መንደሩ በሙሉ እህል የለውም ብለህ ጻፍ።»

«ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም።»

«ጀርባው ባዶ ነው።»

ሳቀና ወረቀቱን ገለበጠው።

በዚያ ጉዞ የሠራሁትን ልናገር። ምንጩን ያለ መሣሪያ ለካሁ። የተማረው ያላየውን ገለባ አየሁ። ወደ ሴትዮዋ ቤት ተመልሼም ዱላዬ ያመሰቃቀለውን ገብስ በእጄ አስተካከልኩ። ለመንደሩ በሙሉ ስንዴ የጫነ መኪና አስመጣሁ፤ አዎ፣ እኔ ነኝ ያስመጣሁት። ከዚያ በኋላ ለጥናት የሚወጡት ሁሉ ዱላ ይዘው እንዲገቡ አስተማርኩ። ሽማግሌዎቹም እሑድ መጥተው ልጅቷን ጠየቁ።