ሥርጉት አሮጌ ቁልፍ ያስፈጨች ጊዜ

ላቀውማ እጁን ሰብስቦ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣበት! አንች ሸጋዬ፣ ሰው እንዴት የገዛ ጉዱን በገዛ ጣቱ ጽፎ ይልካል? ላቀው ማለት ያኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም የገበሬዎች ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ነዋ፣ ያ ክራባቱን ለፆሙም ለፍስኩም የማይፈታው። ሥርጉት ደግሞ የጎረቤቴ የቄስ ገብረሰንበት ልጅ ናት። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ መጥታ እሱ ዘንድ ተቀጠረች። ቀጭን ናት፣ ነፋስ ይገፋታል፤ አፏን ግን ማንም አይገፋውም።

ማኅበሩ ምርጥ ዘር የሚወስዱትን ገበሬዎች ስም ዝርዝር ለቡሬ የሚልከው በኮምፒውተር ነው። ሲሄድ ሰው እንዳያነበው ይቆለፋል አሉ። የማይጨበጥ ቁልፍ እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ እሷ ናት የነገረችኝ። ታዲያ ሥርጉት ግምገማ ላይ ብድግ አለችና፣ «ይህ ቁልፍ ያረጀ ነው፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ የገበሬውን ስም ሊቀይረው ይችላል» አለች። በዚያ ዘመን ግምገማ ማለት ታውቂያለሽ፣ ማስነጠስሽም ይጻፋል። ላቀው ቱግ አለ።

«ስም ማጥፋት ነው! እስከ ቅዳሜ ከፍተሽ አሳዪኝ። ካላሳየሽኝ ሰኞ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል» አላት።

በማግሥቱ ሐሙስ ዳጉሳዬን ላስፈጭ አያ ክንዱ ወፍጮ ቤት ብሄድ፣ ሥርጉት ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጆንያው መሐል ጉብ ብላለች። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ከአያ ክንዱ ጀነሬተር ላይ ሰክታለች።

«አንች ልጅ፣ ምን ልታስፈጪ መጣሽ?» አልኋት።

«ቁልፍ፣ እማማ።»

«የሰውየውን ወፍጮ ልትሰብሪ?»

ሳቀች። «ኮምፓይል ይሉታል። ሰው የሚጽፈው ጥሬውን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ተፈጭቶ ካልቀረበለት አይበላም። የቁልፉን ዓይነት ሁሉ የያዘ ነገር አለ፤ ላይብረሪ ይባላል። አዲሱ ተነፍቶ ነው የሚመጣ። አሮጌዎቹን ቁልፎች ደካማ ናቸው ብለው እንደ ግርድ ጥለዋቸዋል። የኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ እስካሁን የሚቆልፈው በዚያው ግርድ ነው። እሱን ለመፈተን ግርዱን መልሼ አብሬ ማስፈጨት አለብኝ፤ ያለዚያ የኔ መሣሪያ ከነሱ ጋር አይግባባም።»

«አራት ዓመት ተምረሽ ግርድ ልታስፈጪ? ይህንንማ እኔም ሳልማር እችለው ነበር!»

ሦስት ሰዓት ሙሉ ተፈጨላት። የኔ ዳጉሳ አልቆ ወሬው አላለቀም ብዬ ተቀምጫለሁ። ከዚያ እሪ አለች።

«ምነው ልጄ?» አለ አያ ክንዱ።

«አሮጌውን ጨምር ሳልለው ፈጨሁት፣ አያ ክንዱ! ተነፍቶ ወጣብኝ!»

«ድገሚዋ፣ ምን አለበት። እኔስ ስንቴ የሰው ጤፍ ከሰው በቆሎ ቀላቅያለሁ።»

አይ ሞኙ! ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ተነሣበት። «የማንን ነው የቀላቀልኸው? የኔን ነዋ! እኔስ ምነው እንጀራዬ ተሰነጣጠቀ ስል!» ያንን ግርግር አብርዶ፣ ጀነሬተሩን ሳያጠፋ አስጨረሳት፤ አያ ክንዱ ደግ ሰው ነው። የማኅበሩም ሊቀ መንበር እሱ ነበር። ልጅቱ ስትወጣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ እኔን አሮጊቷን መስላለች።

ዓርብ ለት አባቷን፣ «ነገ ማንም ሳይመጣ ገብቼ ከፍቼ እጠብቀዋለሁ» ስትለው በአጥሩ ሰማሁ። ጆሮዬ አጥሩ ላይ አልነበረም፤ አጥሩ ነው ጆሮዬ አጠገብ ያለው።

«ልጄ» አላት ቄስ ገብረሰንበት፣ «የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ እኔ ዘንድ ነው። ሦስታችን ካልቆምን ተከፍቶ አያውቅም። ባለቤቱ ሳይቆም የከፈተ፣ ምንም ባይወስድ ሌባ ነው።»

«አባባ፣ ቀድሜ ከነገርሁት እኮ ይጠነቀቃል!»

«ይጠንቀቃ። ተጠንቅቆ ካዳነውማ ቁልፉ ደኅና ነው ማለት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራቱም መጥቶ፣ አባቷና አያ ክንዱ ይቁሙልኝ ብላ ላቀውን ጠየቀችው። እየሳቀ እሺ አለና ፈረመላት። እኔ እንኳ አያ ክንዱ ጋቢውን ወፍጮ ቤት ረስቶ ላደርስለት ብዬ ነው የሄድሁት። ጋቢውን ማን ደበቀበት ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

«እኔ ውስጥ ገብቼ ደስ ያለኝን ጽፌ ለቡሬ እልካለሁ» አለ ላቀው። «አንች እዚህ ሁነሽ አንብቢልኝ፣ ጠንቋይዋ!» ገባና በሩን ዘጋ።

ሥርጉት አቀርቅራ ነካካች፣ ነካካች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«አልሆነም ልጄ?» አለ አባቷ።

«ሆኗል አባባ።»

«እንግዲያ አንብቢዋ።»

«ይቅርብኝ፣ አባባ።»

«አንብቢ ተባልሽ!»

አነበበች። «የቄሱ ልጅ ከአፍ በቀር ሥራ አታውቅም። አባቷም ምስክር ሊሆን መጥቶ ወንበሬ ላይ ተኝቷል። ሰኞ ሁለቱንም እገላገላለሁ።»

አያ ክንዱ ጭኑን ይመታል፣ እኔ በነጠላዬ አፌን ይዣለሁ። ላቀው በሩን ከፍቶ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። «እህሳ? ተገለጠላችሁ?»

ቄስ ገብረሰንበት ብድግ ብሎ ቆቡን አስተካከለ። «አልተኛሁም፣ አቶ ላቀው። ነቅቻለሁ።»

ወይ ጉድ! ያ ክራባት ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው፤ ትንፋሽ አጥሮት። «ለፈተና ነው፣ አባቴ፣ ለፈተና ነው» ይላል። ቄሱም፣ «ልጄ አልፋለች፤ አንተ ነህ የወደቅህ» አለው እልሻለሁ፣ ላቀውን።

ሰኞ ሥርጉት ወንበሯ ላይ ነበረች። አሮጌው ቁልፍ ተነሥቶ አዲስ ገባ፤ የምስጢር ቃሉንም እሷ ትያዘው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ማን ያናግራት! ያገኘችውን ሁሉ፣ «የምስጢር ቃል ወረቀት ላይ አይጻፍም፣ በጭንቅላት ነው» እያለች ትገሥጻለች። የሷን እንደ ድርሳን አርዝማ፣ ቁጥርና ፊደል ቀላቅላ ነበር ያወጣችው።

ጠቅላላ ጉባኤው ለት ገበሬው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ምሳ ተበልቶ፣ «በይ ልጄ፣ አዲሱን ቁልፍ ለሕዝቡ ክፈችና አሳዪ» አላት አያ ክንዱ። ተነሥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የግራ መዳፏን ገልጣ አየች። ደግማ አየች። ገልብጣም አየች።

«ኔትወርክ የለም» አለች።

ሕዝቡ አመናት፤ ያኔ ኔትወርክ መቼ ነበረና! ላቀውም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ለምሳው እንግዳውን ሳስታጥብ የነበርሁ ሴት ነኝ፤ ከሌላው ሰው እጅ ንጹሕ ውሃ ሲወርድ፣ ከሷ ግራ እጅ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ውሃ ሲወርድ ያየሁ እኔ ነኝ።