ዘይቱ እስኪጨስ

«ባለቤትዎ ማታ ስንት ሰዓት ነው የሚተኙት?»

ዋቅሹማ ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ አየ። ዕድሜውን ሙሉ በልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጦ ለሰው አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ፣ የባለጉዳዩን ቀንና ሰዓት አንድ በአንድ እየጠየቀ የሚያወጣ ሰው፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብራው የተኛች ሚስቱ የምትተኛበትን ሰዓት አያውቅም። የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ሶፊ የደም ግፊቱን የምትለካው ለእሱ ነው፤ ዓይኗ ያረፈው ግን አግዳሚው ላይ በተቀመጠችው በሚስቱ በእንዳለች ላይ ነበር። እንዳለች ዓይኗን ገልጣ የተኛች ትመስላለች። ፊቷ አመድ ለብሷል።

«ከእኔ በኋላ ነው የምትተኛው» አለ ዋቅሹማ። ይህም እውነት መሆኑን እርግጠኛ አልነበረም።

እንዳለችን የጠመንጃ ያዥ ሰፈር በሙሉ ያውቃታል። ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው። ዕጣ ወጥቶላቸው ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላም ሰርግ ያለበት፣ ተዝካር ያለበት ሁሉ የሚያስጠራው እሷን ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ትልቁ ብረት ድስት ሲጣድ ሌሎቹ ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ እንባቸውን ያፈስሳሉ፤ እሷ ቆማ ዘይቱን ትጠብቃለች። ዘይት የማቃጠሉን ሥራ ለማንም አትሰጥም። ቁራሽ እንጀራ ጣል ታደርግበትና እንጀራው ከስሎ ሲንሳፈፍ፣ ከድስቱ ላይ ሰማያዊ ጭስ ሲነሳ፣ ያኔ ብቻ «በሉ ሽንኩርቱን አምጡ» ትላለች።

ያስተማረቻት እናቷ ናት። በእናቷ ዘመን ዘይት የሚገዛው ከመጭመቂያ ቤት ነበር፤ የኑግ ዘይት፣ ከነአተላው፣ ሽታው ልብስ ላይ የሚቀር። ያንን ሳያቃጥሉ ወጥ መሥራት ነውር ነው። ጥሬ ዘይት ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ይባል ነበር። እናትየው ሞተች፣ መጭመቂያው ፈረሰ፣ ዘይቱ ተጣርቶ በጠርሙስ መጣ፤ ጭሱ ግን ከእንዳለች ጋር ቀረ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ዋቅሹማ ደረቱን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሐኪሙ የልቡ ደም ሥር መጥበቡን ነገራቸው። ቅቤና የሚረጋውን ዘይት ተዉ፣ ፈሳሹን ተጠቀሙ አላቸው። ወረፋው ረጅም ስለነበር ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። እንዳለች በዚያው ቀን ለበዓል ያነጠረችውን ቅቤ ከነዕቃው ለጎረቤቷ ለሀያት ሰጠች።

«እሱን አድነሽ እኔን ልትገድይ ነው?» ብላ ሀያት ቀለደች። እንዳለች አልሳቀችም።

ልጃቸው ጊፍቲ ከምትሠራበት ከአዳማ የወይራ ዘይት ይዛ መጣች። እንዳለች ጠርሙሱን መጀመሪያ ያስቀመጠችው ከማርያም ሥዕል ሥር ነው፤ ለቅባት እንጂ ለወጥ የሚሆን አልመሰላትም። የሚበላ መሆኑን ጊፍቲ አስረዳቻት። ከዚያ ወዲያ እንዳለች ለባሏ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት ለየች፤ ሌላ ሰው እንዲነካውም አትፈቅድም። ያንን አረንጓዴ ዘይት በየቀኑ ድስቱ ላይ አፍስሳ፣ ቁራሽ እንጀራ ጥላ፣ እስኪጨስ አቃጠለችው። ውድ ነገር ነውና የተረፈውን አትደፋም። ድንች ከጠበሰችለት ዘይቱን አጥልላ በጣሳ ታስቀምጥና በማግስቱ ለሽሮው መልሳ ታቃጥለዋለች።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ዋቅሹማ አልጋው ላይ ሆኖ ከመጋረጃው ማዶ ያለውን ምድጃ በአፍንጫው ያየዋል። ጭሱ ሲመጣ ያስለዋል፤ ያም ሆኖ ደስ ይለው ነበር። የሚስቱ ሽታ እሱ ነው።

ኅዳር ላይ ልቡ እንደገና ጣለው። እንዳለች ምን እንዳጠፋች ሊገባት አልቻለም። የታዘዘችውን ሁሉ አድርጋለች። ዋቅሹማ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ፣ በሌሊት በነቃ ቁጥር እጇን ደረቱ ላይ ያገኘዋል። የተኛ እየመሰለ ይቆያል፤ እጇ አይነሳም። እሷም የተኛች ትመስላለች። ስለዚህ ነው ሲስተር ሶፊ የጠየቀችውን ሰዓት ያላወቀው።

ነርሷ የግፊቱን ቁጥር ጽፋ ስትጨርስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚበላ ጠየቀች። እንዳለች በዚህ ጊዜ ነቃች። ስለ ቅቤው፣ ስለ ወይራው፣ ስለ ትንሹ ድስት ዘርዝራ ነገረቻት። ዘይቱን እንዴት አድርጋ እንደምታቃጥለው፣ ጥሬነቱ ጨርሶ እስኪጠፋ እንዴት ቆማ እንደምትጠብቅ ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ። ስለ ጣሳውም ነገረቻት። ሲስተር ሶፊ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ቀስ ብላ ነበር ያስረዳቻቸው። ዘይት መጨስ ከጀመረ መበላሸት ጀምሯል፤ ጥሩ የተባለውም ቢሆን ደጋግመው ሲያቃጥሉት ጥሩነቱ ይሄድና ለልብ የማይበጅ ነገር ይተካል። የተጠበሰበትን መልሶ መላልሶ ማቃጠል ደግሞ የባሰ ነው። ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ጨመር ማድረግ ነው የሚሻለው አለች።

«ስለዚህ እኔ ነኝ» አለች እንዳለች።

«እናቴ፣ በሽታው ከዘይቱ በፊትም ነበረ። በዚህ ነው ብሎ ማንም ሊነግርዎት አይችልም።»

«በዚህ አይደለም ልትዪኝስ ትችያለሽ ልጄ?»

ሲስተር ሶፊ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች።

ከዚያ ቀን በኋላ እንዳለች ዘይት አልነካችም። ድንችና ጎመን በውሃ ቀቅላ ታቀርብለታለች፤ እሱ ሁለቴ ጎርሶ ይመልሰዋል። በሆስፒታል ጨው የተከለከለበት፣ ዘይት የሌለበት ምግብ በጉሮሮው አልወርድ አለ። በሳምንቱ ውስጥ የሸሚዙ አንገት ሰፋ። እሷ ምድጃው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሳትለኩሰው ትውላለች።

የእድሩ ዳኛ ወልደ ሚካኤል ለአንድ ተዝካር ሊጠሯት መጡ። እጇ ሰው እንደሚገድል ነገረቻቸው። እሳቸው ነገሩ ስላልገባቸው ሳቁ።

«ታዲያ ያንን ሁሉ ሰርግሽን በልተን እኛ እንዴት ተረፍን?»

ሽማግሌው ሊያጽናኗት ነበር። ግን ያን ሌሊት ዋቅሹማ ነቅቶ በጨለማ ውስጥ ሹክሹክታዋን ሰማ። ስም ትጠራለች። ባለ ወፍጮ ቤቱ፣ የዳዊት እናት፣ ሁለቱ ወንድማማች ልብስ ሰፊዎች። ከጠመንጃ ያዥ ሞተው የተቀበሩትን፣ እሷ አንድ ቀን ያበላቻቸውን። ዋቅሹማ «ተዪ» ሊላት ፈለገ። ለባለጉዳይ ስንት ገጽ የጻፈ እጅ፣ ስንት ቃል ያወጣ አፍ፣ ለራሱ ሚስት አንድ የመከላከያ ቃል አላገኘም። በበሽታ እንጂ በእሷ እንደማይሞት ሊነግራት ፈለገ፤ ግን ያንን ማን ያውቃል? ስሞቹ ቀጠሉ።

ከዚያ ሌሊት በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንዳለች የሸሚዙን አንገት ስትቆልፍለት ሁለት ጣቷ ገባበት። ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ዋቅሹማ ከመጋረጃው ማዶ ክብሪት ሲጫር ሰማ። ሽንኩርት ደረቅ ድስት ላይ ሲወድቅ ሰማ። ውሃ ጠብ ሲልበት ጮኸ፤ እንደገና ጠብ አለ። ዋቅሹማ ጭሱን ጠበቀ። ሊያስል ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ጭሱ አልመጣም። ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መሰለው።

ሽሮውን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ጠርሙሱን በአንድ እጅ፣ ማንኪያውን በሌላው ያዘች። አንድ ማንኪያ ዘይት ለክታ ሽሮው ላይ አፈሰሰች። ከዚያ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አልጋው ግርጌ ቆመች። ያንን አቋቋም ዋቅሹማ ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት ከፍርድ ቤቱ በር ላይ አይቶታል።

ጎረሰ። ቅጠል ቅጠል አለው፤ ጉሮሮውን ያዘው። ሊመልሰው ነበር፤ ዋጠው።

«ጥሬ ጥሬ ይላል?» አለች።

ውሸት ቢነግራት ታውቅበታለች። «ይላል» አለ። ደግሞ ቆርሶ ጎረሰ። እያያት ሳህኑን ጨረሰ፤ ከነርሷ ዘንድ ከተመለሱ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። «ነገም እንደዚሁ አድርጊው።»

እንዳለች ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ ብላ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷ ወደ ግድግዳው ዘመመ፤ እንቅልፍ ወሰዳት። ማንኪያው ከእጇ አልወጣም። ዋቅሹማ ደረቱ ውስጥ የሚያውቀው ክብደት አሁንም አለ፤ ደም ሥሩ በአንድ ሳህን ሽሮ አይሰፋም፣ ይህንን አልሳተም። እጁን ዘርግቶ ጀርባዋ ላይ አደረገ። ትንፋሿ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።

የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር።