የአሮጊቷ ወንድም አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ አንድ ፓኮ የካርቦን ወረቀት ወጣ። ያ ሰም ሰም የሚል ሽታ የቦንጋውን ዘመኔን አስታወሰኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጎረቤቴ ከወሎ ተመድበው የመጡ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። በደርግ ጊዜ ጀርመን ሲማሩ ቤት ያከራየቻቸው አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ወንድሟ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ ሳይመለስ ቀርቷል። የት እንደወደቀ አታውቅም። በእጇ የቀረው የበረራ ደብተሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን የአውሮፕላን ቁጥር ደግሞ ውሃ አጥፍቶት የሚነበቡት ሁለት አሃዞች ብቻ ናቸው። ዓይኗ ስለደከመ የጠፉ አውሮፕላኖችን ዝርዝር ፎቶ ኮፒ እያስደረገች ቦንጋ ድረስ ትልክላቸዋለች። እሳቸው ሁለቱ አሃዞች ያሉባቸውን ቁጥሮች፣ ከወደቁበት ቦታ ጋር እየለቀሙ ይጽፉላታል።

«የእጅ ጽሑፌን ማንበብ አቅቷታል» አሉኝ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል። «ታይፕ ብትመቺልኝ?»

በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ሲወጣ እመታላቸው ጀመር። የእኔ ማሽን ሰባት ቁጥርን እግሩን ቆርጦ ነበር የሚያትመው።

የድንበሩ ጦርነት በተነሣበት ክረምት አንዱ ደብዳቤያቸው ፖስታ ቤት ላይ ተከፈተ። በቁጥር የተሞላ ወረቀት፣ ያውም ወደ ውጭ አገር፤ የሰላይ ምስጢር ነው ተባለ። ሰኞ ጠዋት ፖሊሶች ወሰዷቸው። እኔ ሦስት ቀን አፌን ዘግቼ ሠራሁ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው። በደጃቸው ሳልፍ ግን የተዘጋውን መስኮታቸውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ ዕለት አንድ መርማሪ ወረቀቱን ይዞ ቢሯችን ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«መምህሩ በገዛ እጄ ነው የመታሁት ብለዋል» አለ። «ማሽን ግን የላቸውም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ምቱልኝ።»

መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ መታች። ወረቀቶቹን መስኮቱ ጋ አስጠግቶ አስተያያቸውና ወደ እኔ መጣ። ጃኬቱ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ መታሁ። ስድስት ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

«ቀጥዪ» አለኝ።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አልኩት።

«እሳቸው ራሴ ነኝ አሉ እኮ።»

«ለእኔ ብለው ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ አሮጊቷን፣ ደብተሩን፣ ወንድሟን። «ሃምሳ ዓመት አልፎ ትፈልገዋለች?» አለ። አዎ አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ደብዳቤዎቿን ከመምህሩ ቤት አምጥተው ጀርመንኛ ለሚችል የደን ባለሙያ አስነበቡ። ያልኩት ሁሉ እዚያው ተጽፎ ተገኘ። መምህሩ በዘጠነኛው ቀን ተፈቱ፤ ጺማቸው አድጎ፣ ትከሻቸው ጎብጦ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እሳቸውን ከቦንጋ ርቃ ወደምትገኘው ወደ ደካ አዛወሯቸው።

ከወራት በኋላ ለስብሰባ ቦንጋ መጥተው ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ደካ ሆነው ዝርዝሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው፣ በደብተሩ ካለው የመጨረሻ በረራ ቀን ጋር እያስተያዩ ቁጥሩን አግኝተውታል። አንዲት የፖላንድ መንደር አጠገብ ነው የወደቀው። ጽፈውላታል፤ መልሱ ግን የመጣው ከጎረቤቷ ነበር።

«አልጋ ላይ ሆና ነው የሰማችው» አሉኝ። «የመንደሩን ስም ሁለት ጊዜ አስነበበች አሉ። በሳምንቱ ዐረፈች።»

ያንን ሦስት ቀን ዝም ማለቴን ልነግራቸው ፈለግሁ። ከዚያም ሌላ፣ ያኔ ለራሴም ያልነገርኩት የልብ ነገር ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ደካ ይበርዳል?» የሚል ነበር።

«ይበርዳል» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ግን ይለመዳል።»

የደካው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ኮታቸውን ሰብስበው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።