ነይ፣ ኮቱ፣ ካሌይ

ከድሬ የወጣሁ ዕለት፣ ሊመሽ ሲል፣ እናቴ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እንግዲህ ዘፈን ልትጽፍ ነው አውሮፓ ድረስ የምትሄደው?»

«አዎ እማዬ።»

«አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲጠግን ኖረ። ሥራ ማለት እሱ ነው። ያንተን ዘፈን ድሬ ሠርግ ላይ ሲዘፈን የሰማሁ ቀን፣ ልጄ ሥራ አለው እላለሁ።»

ይህን ምርቃት ይዤ ፍራንክፈርት ገባሁ።

እናንተ ሆዬ፣ ስለ አውሮፓ የሰማችሁትን ተዉት። የድሬን የቀፊራ ገበያ ማንጎ የበላ ሰው እዚህ ማንጎ የሚሉትን ነገር በእጁም አይነካው። ድሬ ቀትር ላይ ዝም የምንለው ሙቀቱ ስለሚጥለን ነው፤ እዚህ ዝምታው ሕግ ነው፣ «ሩኸ» ይሉታል። ገና የመጀመሪያው እሁድ ሳንጎራጉር አከራዬ፣ ቀጭን አሮጊት፣ በሬን ደበደበች።

«ዛሬ እሁድ ነው።»

«እኛ አገር ሠርግ የሚደገሰው እሁድ ነው።»

«እዚህ ዝም ብለው ነው የሚጋቡት።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

መኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድም ሠራተኛዋ ሙያዬን ጠየቀችኝ። «የዘፈን ደራሲ» አልኳት። «እሺ፣ ሥራህስ?» አለችኝ። ከእናቴ ጋር የተማከሩ ነው የመሰለኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን የኛው ሰው ነው። በርበሬ መሸጫ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ ስቱዲዮ ያለው፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ፕሮዲዩሰር አገኘሁ። ያመጣሁለት የሠርግ ዘፈን እኛ ድሬዎች እንደምናወራው የተጻፈ ነው፤ አዝማቹ ሙሽራዋን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ «ነይ፣ ኮቱ፣ ካሌይ» እያለ ይጠራታል።

«ኮቱና ካሌይን አውጣቸው። ገበያው ይደናገራል።»

«ታዲያ ምን ይቀራል?»

«ነይ። ሦስት ጊዜ በላት።»

የሙዚቃችን ዘበኛ ይሄ ነው እንግዲህ! ንቀቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። ፕሮዲዩሰርነት ይህን ያህል ቀላል ከሆነማ እኔስ ምን አነሰኝ ብዬ፣ ማይክ ገዝቼ፣ ቁምሳጥኔን ብርድ ልብስ አልብሼ ስቱዲዮ አደረግሁት። ማናጀርም ሆንኩ። ዘፋኜ ፈትሒያ የድሬ፣ የገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ናት፣ እዚህ ቀን ቀን የሆቴል አንሶላ ታጥባለች፤ ሦስቱን ቋንቋ ሳታስበው ነው የምትቀያይረው። መድረክ እንዲሰጧት የምደውልላቸው የዝግጅት አዘጋጆች ድምጿን ሳይሰሙ «የባህል ልብስ አላት ወይ?» ይሉኛል።

«አቦ፣ ልብሱን ላክላቸውና እሱ ይዝፈንላቸው!» ትላለች ፈትሒያ።

ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ጫንነው። የፍራንክፈርት ሐበሻ ጆሮ አልሰጠውም። ድሬ ግን ከስልክ ስልክ ሲቀባበለው የኔም የሷም ስም መንገድ ላይ ቀረ።

ባለፈው እሁድ እህቴ ተዳረች። ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም። እናቴ ከሠርጉ መሀል ደወለችልኝ፤ ከጀርባዋ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ «ነይ፣ ኮቱ፣ ካሌይ» ተሰማኝ። እንባዬ መጣ።

«እማዬ፣ ይሄን ዘፈን ታውቂዋለሽ?»

«እንዴት አላውቀው! የድሮ ዘፈን አይደል እንዴ? እኔና አባትህም የተዳርነው በሱ ነው።»

«የኔ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ። የገዛ ሠርጓን ዘፈን ግን እንዴት ልቀማት?

«ሥራስ አገኘህ ልጄ?»

«እየፈለግሁ ነው» አልኳት። «ስልኩን ወደ ዘፋኞቹ አስጠጊልኝ።»

አስጠጋችልኝ። አከራዬ ግድግዳውን መደብደብ ጀመረች። ድምፁን ጨመርኩት።