ተማሪው የተነፈጋት ዜማ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ነበር። እናቴ ዓይደር ሆስፒታል ነርስ ስለነበረች፣ ተረኛ በምትሆንባቸው ምሽቶች ጎረቤታችን መምህርት ሱኒታ ዘንድ ትተወኝ ነበር። መምህርት ሱኒታ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ለማስተማር ከሕንድ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ነበሩ። አማርኛቸው ቁርጥራጭ ቢሆንም፣ ከሰፈሩ እናቶች ሰምተው በትግርኛ «ጓለይ»፣ ልጄ፣ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። መብራት የጠፋ እንደሆነ ፋኖስ ይለኩሱና ከሰል ላይ ኦቾሎኒ እየቆሉ ተረት ይነግሩኛል፤ ያኔ የፋኖሱ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ ከአጠገባቸው አልርቅም።

አንድ ምሽት ግን የነገሩኝ ተረት አልነበረም፤ የአያታቸውን ታሪክ ነው።

አያትየዋ ሕንድ አገር በዘፈንና በውዝዋዜ ከሚተዳደሩ፣ የመሳፍንት ወዳጅ ከሆኑ ሴቶች ቤት የተወለደች ዘፋኝ ነበረች። የአገሩ የጥንት ሙዚቃ ሳይጠፋ የቆየው አብዛኛው በነዚያ ሴቶች ቤት ስለነበረ፣ ባላባቶቹ ልጆቻቸውን ዜማና ወግ እንዲማሩ ወደነሱ ይልኩ ነበር። እሷም አንዱን የሀብታም ልጅ ተቀብላ ለዓመታት አስተማረችው። በኋላ ዘመን ተለወጠና እንደሷ ያሉ ሴቶች ነውር ናቸው ተባለ። ሬዲዮ ላይ ለመዝፈን ስታመለክት፣ ከፈታኞቹ መሐል የተቀመጠው ያው ተማሪዋ ነበር፤ ስመ ጥር ሊቅ ሆኗል። ፊቷን እያየ «ይህችን ሴት አላውቃትም» አለ። ዜማዎቿን ግን «የአባቴ ውርስ ናቸው» እያለ ይዘፍናቸው ነበር።

አላለቀሰችም። ከዜማዎቿ መሐል የአንዷን መጨረሻ አላስተማረችውም ነበርና፣ ያችን ዜማ የሚዘፍንበትን ቀን ጠብቃ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀመጠች። ሁልጊዜ ከሚያቆምበት ቦታ ሲደርስ፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ቀሪውን እሷ ዘፈነችው። በነሱ ወግ ተማሪ የመምህሩን ስም ሲያነሳ ለክብር ጆሮውን ይነካል።

«ስሜን ጥራ፤ ጆሮህንም ንካ» አለችው።

ሕዝቡ እያየው ስሟን ጠራ፤ ጆሮውንም ነካ።

«ከዚያ ይቅር አለችው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

መምህርት ሱኒታ ፍሙን በጉጠት ገፋ አደረጉና፣ «አይ ጓለይ» አሉ። «ቤቷ መጣ። መጨረሻውን አስተምሪኝ አለ፣ ለመነ። በር አልከፈተችም። ሳያውቅ ሞተ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት እርካታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ያኔ ፈራኋቸው፤ ደግሞም የሰውየውን ልመና እንዲደግሙልኝ ፈለግሁ።

ዜማዋን ራሷን አንድ ጊዜ አንጎራጉረውልኝ ነበር፤ ረስቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተበደሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ እኔም ተበድያለሁ። ሰዎች «ቂም የሚጎዳው ያዡን ነው፣ ተይው» ሲሉኝ እሰማለሁ። አያትየዋ ግን፣ መምህርት ሱኒታ እንደነገሩኝ፣ እህሏን በደንብ እየበላች፣ እንቅልፏን ጠግባ እየተኛች፣ ከሰውየው በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች።