የላዱ ሞተር ለምን ጠፋ

ይህን ለሚስቴም፣ ለፓስተሬም፣ አብሮኝ ለሠራ ሰውም ተናግሬ አላውቅም። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ አልፈዋለሁ እንጂ፣ ምኑን እንደሚያውቅ በአንደበቴ ጠርቼው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ እጠራዋለሁ።

ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ውስጥ ጄኔሬተርና የጀልባ ሞተር እጠግን ነበር። ላዱ ደንበኛዬ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከዋኒ ጋር በአንዲት ጀልባ ሰውና ዕቃ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያመላልሳል። ሞተሩ ያረጀ ነበር። ጠዋት ጠዋት ገመዱን ክንድ እስኪዝል ካልጎተቱት አይነሳም፤ ተነስቶም ትንሽ ሄዶ ቀጥ ይላል። ሌሎች መካኒኮች ካንዴላ ቀየሩለት፣ ካርቡራተር አጠቡለት፤ አልሆነም። ምክንያቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለችው ስስ ላስቲክ ደርቃ ተሰነጣጥቃ፣ ሞተሩ ቤንዚን በወጉ አይደርሰውም ነበር። እንዴት እንደኮራሁ! ላዱ አዲሷን ላስቲክ በአውቶቡስ ሹፌር ከካምፓላ አስመጣ። ሦስት ሳምንት ጠብቆ ነው ያገኛት። ሲሰጠኝ እንደ እንቁላል ይዟት ነበር።

እኔ ቀደድኳት።

ስልኬን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል አጣብቄ፣ ለገና አገሬ ስለመግባቴ እያወራሁ ስገጥማት ካቻቢቴው አዳለጠኝና ሰነጠቃት። ጥፋቴ ይኸው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? እጅ ይስታል። «ማለሽ፣ ይቅርታ፣ አበላሸሁብህ» ብለው ይቆጣ ነበር፤ ሌላ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። ግን ሌሎቹን ያቃታቸውን ያገኘሁ ሐበሻው መካኒክ እኔ፣ «አበላሸሁ» ልበል? ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ በመቀስ ቆርጬ በቦታዋ ገጠምኩ። ያ ላስቲክ ቤንዚን ሲነካው አብጦ እንደሚላላ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። እንደ ስሜ አውቅ ነበር።

ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስነሳሁት። በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ። ላዱ ሳቀና እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ወንዙ ላይም እንዲህ ነው?»

«ማፊ ሙሽኪላ፤ ምንም ችግር የለም» አልኩት።

በልቤ፣ ቀስ ብዬ ሌላ አስመጥቼ እቀይርለታለሁ ብዬ ነበር። ይህን ማሰቤን ግን አትቁጠሩልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ከተማው በተኩስ ተናወጠ። በፈረንጆቹ 2013 ሊያልቅ ነው፣ ታኅሣሥ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተኛሁ። የላዱ እናት ግን ተኩሱ የበረታበት ማላኪያ ሰፈር ነበሩ። ድልድዩን ማለፍ ስላልተቻለ ሁለቱ ወንድማማቾች እናታቸውን በጀልባ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጉምቦ ሊያሻግሩ ወጡ። ወንዙ መሀል ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። ላዱ ገመዱን ጎተተ፣ ጎተተ፤ አልነሳም። ውሃው ጀልባዋን ወስዶ ከወደቀ ግንድ ጋር አላተማትና ተገለበጠች። ልጆቹ ዋኝተው ወጡ። እናትየው የተገኙት በሦስተኛው ቀን ነው።

ተኩሱ ጋብ ሲል ላዱ ከግንዱ ሥር ያወጣውን ሞተር ተሸክሞ መጣ።

«ለምን እንደጠፋ ብቻ ንገረኝ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

ጀርባዬን ሰጥቼው ፓምፑን ፈታሁ። የእኔ ቁራጭ እንደ ራሰ ወረቀት ተልፈስፍሷል። ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ዞሬ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ አሳየሁት። የወንዙ ውሃ መሆኑን እያወቅሁ፣ «ቤንዚኑ ውሃ የተቀላቀለበት ነው» አልኩ። ላዱ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ቤንዚኑን የገዛው ዋኒ ነው» አለ።

የፈታሁትን ፓምፕ መልሼ ገጠምኩ። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ስችል ዝም ያልኩት እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ላዱ ከወንድሙ ጋር መብላት ተወ። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ዋኒ ብቻውን ሱቄ መጣ። ከስቷል።

«ሁልጊዜ ከምገዛት ሴትዮ ነው የገዛሁት። ጄሪካኑንም አጥቤ አድርቄዋለሁ። አንተ መካኒክ ነህ፤ እውነት ውሃ ነበረበት?»

ፊት ለፊቴ ቆሞ ጠየቀኝ። ተጠራጥሮኝ አልነበረም፤ እንዳድነው ነበር የመጣው። እኔ ምን አልኩት? «ውሃ ቤንዚን ውስጥ ቶሎ አይታይም። አንተ ምን ታደርግ» አልኩት። ያጽናናሁት መሰለኝ።

ዋኒ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ። «እንግዲያው እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብሎ ሄደ። በፈረንጆቹ 2015 ጁባን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር። አዲስ አበባ ስገባ ጉባኤ ፊት ቆሜ ጌታ ከጥይት እንዳተረፈኝ መሰከርኩ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

ጦርነት ነበር አልልም፤ ሞተሩ ያረጀ ነበር አልልም። ይቅር በለው ብላችሁ አትጸልዩልኝ፤ የእናንተ እናት አልሞተችም። ይቅር ማለትም መከልከልም የሚችሉት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚያውቁት ውሸቴን ነው። ይህ ጽሑፍ ጉምቦ የሚደርስ ከሆነ፣ ከእናንተ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ለዋኒ እንዲህ ብሎ ይንገረው፦ ሐበሻው መካኒክ ዋሽቶሃል፤ የገዛኸው ቤንዚን ንጹሕ ነበር።